ያውቁ ኖሯል? ፍሪጅዎን የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ራሱ ነዳጅ ነው

በዛሬዎቹ የቤት ፍሪጆች በብዙዎቹ ውስጥ የሚዘዋወረው አይሶቡቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። በሲሊንደር በሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ውስጥም ይገኛል።

▪ ሞለኪውሉ እንደ ቡቴን 4 የካርቦንና 10 የሃይድሮጅን አተሞች አሉት። የካርቦን ሰንሰለቱ ግን ቅርንጫፍ ስላለው ይበልጥ በቀላሉ ይተናል፤ የሚፈላው ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው።

▪ በፍሪጁ ቱቦ ውስጥ ሲተን ከምግብዎ ሙቀት ይወስዳል። የኦዞን ንጣፍን አይጎዳም፤ የምድርን ሙቀት የመጨመር አቅሙም እጅግ አነስተኛ ነው።

▪ በአንድ የቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ግራም አይበልጥም። በፍሪጅዎ መለያ ላይ «አር-600ኤ» የሚለውን የአይሶቡቴን ምልክት ካዩ ጥገናውን ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይስጡ።