ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም

አዲስ ቁምሳጥን ቤት ሲገባ ዓይን የሚያቃጥል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ አብሮት ይገባል። «የእንጨት ሽታ ነው፤ በሳምንት ይለቃል» ይባላል። ሁለቱም ስህተት ነው።

ቺፕውድና ኤምዲኤፍ የሚሠሩት የእንጨት ፍርፋሪ ወይም ቃጫ በማጣበቂያ ተለውሶ፣ በሙቀትና በከባድ ግፊት ታምቆ ነው። በብዛት የሚገባው ማጣበቂያ (ኮላ) ዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል። የሚሸተው ጋዝ በአብዛኛው ከዚህ ኮላ የሚወጣ ፎርማልዲሃይድ ነው። እንጨትም በተፈጥሮው ይለቀዋል፣ ግን እጅግ ጥቂት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ጋዝ በ2004 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል።

በሳምንት ያልቃል ለሚሉት፦ አፍንጫ ይለምዳል፣ ኮላው ግን በእርጥበትና በሙቀት ቀስ እያለ እየተፈታ ለዓመታት ጋዝ ይለቃል። በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ያፈናቀላቸው አሜሪካውያን እንዲህ ያለ ሳንቃ በተሠሩባቸው ተጎታች ቤቶች ተጠልለው ነበር። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ 519 ቤቶችን ሲለካ በአየሩ ውስጥ ያለው ፎርማልዲሃይድ በአማካይ ከቢሊዮን 77 እጅ ሆኖ ተገኘ፤ ከተለመደው ቤት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያውም ልኬቱ የተካሄደው በክረምት ቅዝቃዜ፣ ጋዙ በሚቀንስበት ወቅት ነው።

ቺፕውድ ውሃ ሲነካው የሚያብጠውም «እንጨቱ መጥፎ ስለሆነ» ብቻ አይደለም። የታመቀው ፍርፋሪ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ኮላውም ይፈታል። ሜላሚን የተጨመረበት ወይም በፌኖል የተሠራ ማጣበቂያ እርጥበትን በእጅጉ ይቋቋማል።

«ፎርማልዲሃይድ ከተቀነሰ ሳንቃው ይደክማል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ፋብሪካዎች መጠኑን ሲቀንሱ ውሃን የመቋቋም አቅሙ በእርግጥ ወርዷል። መፍትሔው ግን ተገኝቷል። በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ካይቻንግ ሊ ከባሕር ዓለት ጋር የሚጣበቁ ዛጎል ለባሾችን ተመልክቶ የአኩሪ አተርን ፕሮቲን ወደ ጠንካራ ማጣበቂያ ለወጠ፤ ግኝቱም በ2007 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት አስገኝቷል። ዛሬ ፕላይውድ ይሠራበታል። ኤምዲአይ የተባለው ሌላ ማጣበቂያም ፎርማልዲሃይድ የለውም፤ ሳይደርቅ ግን ለፋብሪካው ሠራተኛ ሳንባ አደገኛ ነውና ጥንቃቄ ይሻል።

የአውሮፓ ኅብረት ከነሐሴ 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእንጨት ሳንቃ ለሚሠሩ የቤት ዕቃዎች ያወጣው የፎርማልዲሃይድ ልቀት ገደብ ኢ-1 ከተባለው ነባር ደረጃ በግማሽ ያነሰ ነው። እርስዎም ሲገዙ ደረጃውን ይጠይቁ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ እንዲሸፈን ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ። ሻጩ ደረጃውን ማሳየት ካልቻለ ያንን ሳንቃ ልጆች የሚተኙበት ክፍል አያስገቡ።