ኮንትሮለር ቺፕ ከትራንሲቨሩና ከሽቦው ጋራ ስለሚጋጠምበት ሥርዓት

በአርሲና በባሌ ስንዴው ደርሶ በኮምባይነር በሚታጨድበት ወራት አንዲት መኪና ብትቆም ጕዳቱ የባለቤቷ ብቻ አይደለም፤ ተራውን የሚጠብቀው ገበሬ ሁሉ እህሉ በዝናብ እንዳይበላሽበት ይሠጋል። በአዲሶቹ ትራክተሮችና ኮምባይነሮች ውስጥ ሞተሩን፥ ልዩ ልዩ መለኪያዎችንና በነጂው ፊት ያለውን ሰሌዳ እርስ በርሳቸው የሚያነጋግራቸው ካን የተባለ የኤሌክትሪክ መረብ ነው። ይህ መረብ የተቋረጠ እንደ ሆነ ሞተሩ ደኅና ሳለ እንኳ መኪናይቱ ልትቆም ትችላለች። ስለዚህ የእርሻ ሹማምንት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋቸዋል።

ይህን ሥርዓት ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ አውጥቶ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በዲትሮይት ከተማ አስታወቀው። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ አይሶ 11898 በሚል ቍጥር የዓለም ደንብ ሆነ።

በመረቡ ላይ ባለው በእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ ሦስት ክፍሎች አሉ። ፊተኛው የሚላከውን ነገር የሚወስነው ማይክሮፕሮሰሰር ነው። ሁለተኛው ኮንትሮለሩ ነው፤ ሥራውም መልእክቱን በሥርዓት አዘጋጅቶ መላክ፥ የመጣውንም መርምሮ ስሕተት ያለበትን አለመቀበል ነው። ሦስተኛው ትራንሲቨሩ ነው። ኮንትሮለሩ እንደ ጸሓፊ ቢቈጠር ትራንሲቨሩ እንደ ዐዋጅ ነጋሪ ነው፤ የተጻፈውን በአደባባይ የሚያሰማ፥ በአደባባይ የተሰማውንም ለጸሓፊው የሚመልስ እርሱ ነው። ስለዚህ ኮንትሮለሩን ያለ ትራንሲቨር ከረጅሙ ሽቦ ጋራ ማጋጠም አይገባም።

ለምሳሌ ኤምሲፒ 2515 የተባለው ኮንትሮለር ኤምሲፒ 2551 ከተባለው ትራንሲቨር ጋራ ሲጋጠም፥ የኮንትሮለሩ መላኪያ እግር ከትራንሲቨሩ 1ኛ እግር፥ መቀበያውም ከ4ኛው ጋራ ይያያዛል። በሌላ የሽቦ ሥራ መላኪያውን ከመቀበያው ጋራ አቋርጦ ማያያዝ የለመደ ሠራተኛ በዚህ ይሳሳታል፤ በዚህ ሥራ መላኪያ ከመላኪያ፥ መቀበያም ከመቀበያ ጋራ ነው። 3ኛው እግር 5 ቮልት ይቀበላል፤ 2ኛው ከአሉታዊው መስመር ጋራ ይያያዛል። 7ኛው ካን ከፍተኛ ከተባለው ሽቦ፥ 6ኛው ካን ዝቅተኛ ከተባለው ሽቦ ጋራ ይጋጠማል።

መረቡ ጸጥ ባለ ጊዜ በሁለቱም ሽቦዎች ላይ 2.5 ቮልት ያህል ይገኛል። ምልክት ሲላክ ከፍተኛው ወደ 3.5 ይወጣል፤ ዝቅተኛው ወደ 1.5 ይወርዳል። ተቀባዩ የሚያየው የሁለቱን ልዩነት ነው። ሽቦዎቹም እርስ በርሳቸው የተገመዱ ስለ ሆኑ ከሞተሩ የሚመጣው ሁከት ሁለቱን በእኩል ይነካቸዋል፤ ልዩነቱን ግን ብዙ አይለውጠውም። ሽቦዎቹን መፍታትና ለየብቻ መዘርጋት የማይገባው ስለዚህ ነው።

በሽቦው ሁለት ጫፎች ላይ እያንዳንዱ 120 ኦም የሆነ ሬዚስተር ይደረጋል። ይህ ባይኖር ምልክቱ ከጫፉ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣና ከሚከተለው ምልክት ጋራ ይደባለቃል። በመካከል ባሉት መሣሪያዎች ላይ ግን ሬዚስተር አይጨመርም፤ ከዋናው ሽቦ ወደ እነርሱ የሚሄደውም ቅርንጫፍ አጭር መሆን አለበት።

ብልሽት በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ ባትሪው ይፈታ። ከዚያም በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው በኦም መለኪያ ይለካ። 60 ኦም ያህል ቢገኝ ሁለቱም ሬዚስተሮች በየቦታቸው ናቸው። 120 ቢገኝ አንደኛው ጠፍቷል ወይም ሽቦው ተበጥሷል። 40 ቢገኝ ሦስተኛ ሬዚስተር ያለ አግባብ ተጨምሯል። ወደ ዜሮ የቀረበ ቢሆን ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል ማለት ነው።

ደግሞም በመረቡ ላይ ብቻውን የቀረ መሣሪያ መልእክቱን የሚቀበልለት ስለማያገኝ ያንኑ ደጋግሞ ይልካል፤ ይህን ያየ ሰው ቺፑ ተበላሽቷል ብሎ መፍረድ የለበትም።

ይህ ልኬት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ውድ መሣሪያ ከመለወጡና ዕቃ ከሩቅ አገር እስኪመጣ መከሩ ከማለፉ በፊት ሽቦውና ጫፎቹ እንዲመረመሩ፥ ሹማምንቱ ለየመካኒኮቻቸውና ለማኅበራት ሠራተኞች ማስረዳት ይገባቸዋል።