ፊውዙ ደህና፣ ሶኬቱ ቀልጦ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው፤ ለመኪና ፍሪጅ፣ ለፓውዛ፣ ለተሳቢ መብራት የትኛው ሶኬት ይሻላል? ብዙ ሰው «12 ቮልት ሰው አይነዝርም፣ የተገኘው ይበቃል» ይላል። እኔ ግን ከቮልቱ በፊት የምጠይቀው አምፔሩን ነው።

120 ዋት የሚወስድ ዕቃ ከቤት 220 ቮልት የሚስበው ግማሽ አምፔር ገደማ ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ ሲሆን ግን 10 አምፔር ይስባል። ሶኬቱ ላልቶ ወይም ዝጎ የ0.05 ኦም ሬዚስታንስ ቢፈጥር፣ 10 አምፔር ሲያልፍበት 5 ዋት ሙቀት እዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ ይታፈናል። አምፔሩ 20 ሲደርስ ደግሞ ሙቀቱ አራት እጥፍ አድጎ 20 ዋት ይሆናል። ፕላስቲክ የሚቀልጠው እንዲህ ነው። ፊውዙም አያድንም፤ የሚበጠሰው አምፔር ከልኩ ሲያልፍ ነው፣ እዚህ ግን አምፔሩ ከልኩ አላለፈም።

ስለዚህ የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ለስልክ ቻርጀር ይሁን። ብዙውን ጊዜ ፊውዙ ከ10 እስከ 15 አምፔር ነው፤ የሚሰካውን የሚይዘውም ስፕሪንግ ብቻ ስለሆነ ኮረኮንች መንገድ ላይ ቀስ በቀስ ይላላል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ፍሪጅ ከባትሪው የራሱን መስመር አውጡለት፤ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ ማገናኛው ደግሞ አንደርሰን የሚባለው ባለ 50 አምፔር። ሁለቱ ወገኖቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ወንዴና ሴቴ የለውም፤ መዳቦቹ በስፕሪንግ ተጫጭነው ስለሚገናኙ በተሰካ ቁጥር ይፋተጋሉ። ውሃ ግን አይከላከልም።

ከውጭ ለሚገጠም ፓውዛ የምመርጠው ዶይች ዲቲ የሚባለውን ነው። ግሬደርና ዶዘር ላይ አይታችሁት ይሆናል። የጎማ ማሸጊያ አለው፣ እያንዳንዱ እግር እስከ 13 አምፔር ይችላል፣ ገልብጦም አይሰካም። ገመዱን ስታያይዙ በመጨፍለቂያ ፒንሳ በደንብ ጨፍልቁት። የተበየደ ገመድ ብየዳው እስከገባበት ድረስ ይደርቃል፤ መኪና ሲንቀጠቀጥ የሚሰበረውም ልክ ከዚያ ላይ ነው።

የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች የምታውቁት የ24 ቮልቱ ባለ 7 እግር ማገናኛ ሌላ ጣጣ አለው። አንዷ እግር ኔጌቲቭ ናት፤ የሁሉም መብራት መመለሻ እሷ ናት። የአፋር አቧራና የባሕር ዳርቻው ጨው እሷን ሲያበላሻት፣ ፍሬን ስትይዙ ፍሬቻው ይደበዝዛል ወይም ያልነካችሁት መብራት ይበራል። አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት እሷን ፈትሹ፣ አጽዱ፣ ክዳኑም እንዲገጥም አድርጉ። ፒክአፕ ላይ የሚገጠመው የ12 ቮልቱም ባለ 7 እግር ነው፤ የአውሮፓው ክብ እግር፣ የአሜሪካው ጠፍጣፋ ስለሆነ አይገጣጠሙም። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ ግዙ።

ወንዴና ሴቴ ባለው ማገናኛ ላይ፣ ባትሪ ያለበት ወገን ምንጊዜም ሴቴው ይሁን። ወንዴው ከሆነ ተነቅሎ ሲንጠለጠል ፖዘቲቩ ሻሲ ይነካና ያቃጥላል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን የቤት ሶኬት በመኪና መስመር ላይ መግጠም ነው። ርካሽ ነው፣ በየሱቁም አለ። ነገር ግን ባለ ሁለት እግሩ ተገልብጦ ይሰካል፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሲቀያየር የፍሪጁ ቦርድ ሊቃጠል ይችላል። ከዚያ የባሰው፣ አንድ ልጅ ወይም ጥበቃ የ12 ቮልቱን ዕቃ አምጥቶ ግድግዳው ላይ 220 ቮልት ሊሰካው መቻሉ ነው። የሚሰካው ሰው ስህተቱን የሚያውቅበት ምንም ምልክት የለም።

እንዲህ ዓይነት መስመር መኪናችሁ ወይም ተሳቢያችሁ ላይ ካለ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ አስነቅሉት።