የሌሊቱን ውሃ የሚጠብቅ ፍሎተር

እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ሰፈር ሸጎሌም የቧንቧ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ተራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው በተኛበት ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ በየግቢው ምድር ላይ አንድ ሮቶ፣ ጣሪያ ወይም የብረት ማማ ላይ ሌላ ሮቶ፣ በመካከላቸው ደግሞ አንድ ትንሽ ፓምፕ ማየት የተለመደ ነው። ውሃን 10 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 1 ባር ያህል ግፊት ያስፈልጋል። ሸጎሌ ደግሞ በእንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ዳገታማ ሰፈር ነው። የመስመሩ ግፊት ሲደክም ውሃው የምድሩን ሮቶ ሞልቶ እዚያው ይቀራል፤ የቀረውን ከፍታ የሚሸፍነው ፓምፑ ነው። ፓምፑን ማን ያብራው? ማንስ ያጥፋው?

በብዙ ቤት ይህ ሥራ የሰው ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ከእንቅልፉ ተነስቶ ያበራና ጋደም ይላል፤ እንቅልፍ ካሸነፈው የላይኛው ሮቶ ሞልቶ በግድግዳው ይወርዳል። በደቂቃ 30 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ሮቶው ከሞላ በኋላ ለ1 ሰዓት ቢረሳ 1,800 ሊትር ይፈሳል። ይህ 90 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ያውም ሰው ጀሪካን ይዞ በሚሰለፍበት ከተማ።

ከዚህ የባሰው የምድሩ ሮቶ አልቆ ፓምፑ በባዶው ሲሽከረከር የሚደርሰው ጉዳት ነው። ሞተሩን ከውሃው ክፍል የሚለየው መካኒካል ሲል የሚባል ማሸጊያ ነው። ይህ ማሸጊያ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በፓምፑ ውስጥ ባለው ውሃ ነው። ውሃ ሲጠፋ ተገጣጥመው ያሉት፣ አንዱ የሚዞር ሌላው የቆመ ሁለት ፊቶቹ በደረቁ ይፋተጋሉ፤ ይግላሉ፤ ይሰነጠቃሉ። በሌላ ቀን ውሃ ሲመጣ በስንጥቁ በኩል ወደ ሞተሩ ዘልቆ የሽቦ ጥቅሉን ያቃጥለዋል። ባለቤቱ ጥፋቱን በመብራት መዋዠቅ ያሳብባል፤ ጉዳቱ ግን ከዚያ በፊት፣ ማንም ባላየው ሌሊት ደርሷል።

እነዚህን ሁለት አደጋዎች የሚከላከለው ፍሎተር በኬብል ጫፍ የተንጠለጠለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። የሚሠራው አርኪሜድስ ከ2,200 ዓመታት በፊት ባስቀመጠው ሕግ ነው፤ ውሃ ውስጥ የገባ አካል የቦታውን ያህል ውሃ ይገፋል፣ በዚያ ውሃ ክብደት ልክም ወደ ላይ ይገፋል። ይዘቱ ግማሽ ሊትር፣ ክብደቱ 200 ግራም የሆነ ፍሎተር ሙሉ በሙሉ ቢጠልቅ በ300 ግራም ክብደት ልክ ሽቅብ ይነሳል። ውሃው ከፍ ሲል ፍሎተሩ ይገለበጥና በሆዱ ያለች የብረት ኳስ ተንከባልላ ማብሪያውን ትጫነዋለች፤ ውሃው ሲወርድ ኳሷ ትመለሳለች። በቀድሞዎቹ ፍሎተሮች የኳሷን ሥራ የሚሠራው ሜርኩሪ ነበር። ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት እንዲህ ያሉ ማብሪያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና ከአገር አገር እንዳይሸጡ ከልክሏል። ለመጠጥ ውሃ የሚውል ሮቶ ውስጥ ሲታሰብ ክልከላው ተገቢ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በማብራትና በማጥፋት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ፓምፑ የሚነሳበትና የሚቆምበት ከፍታ አንድ ቢሆን ኖሮ ትንሽ የውሃ ሞገድ በደቂቃ ብዙ ጊዜ ታበራውና ታጠፋው ነበር። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኤሌክትሪክ በደንብ እየሠራ ከሚስበው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ መነሳትና መቆም ጥቅሉን ቶሎ ይጨርሰዋል። ፍሪጅም ሞተሩን በየሰከንዱ የማያስነሳው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። በፍሎተር ላይ ክፍተቱን የሚወስነው ኬብሉ ከታሰረበት ነጥብ በኋላ የሚቀረው ነፃ ርዝመት ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ነፃ ኬብል ያለው ፍሎተር 45 ዲግሪ ወደ ላይና 45 ዲግሪ ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት ይኖራል። ወርዱ 1 ሜትር በሆነ ሮቶ ይህ ከ200 ሊትር በላይ ነው፤ ፓምፑ አንዴ ከተነሳ ቢያንስ ያን ያህል ገፍቶ ይቆማል። ኬብሉን አሳጥሮ የሚያስር ባለሙያ የሞተሩን ዕድሜ እያሳጠረ ነው።

ሙሉ ጥበቃ የሚገኘው ሁለት ፍሎተር በአንድ መስመር ተከታትለው ሲገጠሙ ነው። የታችኛው «ውሃ አለ» ሲል፣ የላይኛው ደግሞ «ገና አልሞላሁም» ሲል ብቻ ፓምፑ ይነሳል፤ ከሁለቱ አንዱ እምቢ ካለ ይቆማል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ 9 ሰዓት ላይ ቢመለስ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል፤ መነሳት ያለበት ሰው የለም።

ሸጎሌን የሚመለከት ሌላም ነገር አለ። ፓምፕ ውሃ ሲስብ በእርግጥ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ነው፤ ይህን ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በ1644 እ.ኤ.አ. አስረድቷል። በባሕር ጠለል ላይ የመሳቡ የመጨረሻ ወሰን 10.3 ሜትር ሲሆን፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ወሰኑ ወደ 7.6 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ከ5 ሜትር ብዙ ማለፍ ይከብዳል። ግቢው ውስጥ የተቆፈረ የምድር ታንከር ያለው ሰው ይህን ይወቅ። የታችኛው ፍሎተርም ፓምፑን ማቆም ያለበት ውሃው ከመሳቢያው አፍ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሳለ ነው፤ ከዚያ በታች ውሃው እየተሽከረከረ አየር ይዞ ይገባል።

ይኸው ዕቃ ተገልብጦ ለማድረቅም ይሠራል። በክረምት ቤዝመንታቸው ውሃ የሚያቁር ሕንፃዎች ወለላቸው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈርና ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ይቀመጥበታል፤ ፍሎተሩ ሲነሳ ፓምፑ ይነሳል። በሞተር ጀልባዎች ሆድ ውስጥ የሚሰበሰበውን ውሃም በ12 ቮልት ባትሪ እንዲሁ ያስወጣሉ። የጣና ታንኳ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ውሃ ቢገባውም የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ ነውና። ተንሳፋፊን ለመቆጣጠሪያነት የመጠቀም ሐሳብ ጥንታዊ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ክቴሲቢዮስ የውሃ ሰዓቱን ፍሰት በተንሳፋፊ ይቆጣጠር ነበር።

ፍሎተር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በቀላል ምክንያት ነው፤ ቧንቧ ላይ ይጠመጠማል፣ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ ደለል ይጫነዋል። በወር አንድ ጊዜ ከፍና ዝቅ አድርጎ መሞከር በቂ ነው፤ የቤዝመንቱ ደግሞ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ይፈተሽ። ከመንካታችሁ በፊት ግን ብሬከሩን አጥፉ፤ ሙከራውም ውሃውን በማውረድና በመጨመር ወይም በደረቅ እንጨት ይሁን። የኬብል ቅጥያ ሮቶ ውስጥ አይኑር። መስመሩ ኧርዝ የተያዘለትና በ30 ሚሊ አምፒር የኤሌክትሪክ ማፈትለክ የሚቆርጥ ብሬከር ያለው ይሁን። ለትልቅ ሞተር ፍሎተሩ ብቻውን አይችልም፤ ኮንታክተር የሚባል ማብሪያ ያስፈልጋል፤ ገጠማውን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዉት።

ለጊዜው አቅማችሁ የሚፈቅደው አንድ ፍሎተር ብቻ ከሆነ የምድሩ ሮቶ ውስጥ ይገጠም። ሞተሩን ከመቃጠል የሚያድነው እሱ ነው፤ የላይኛውን እስክትገዙ ድረስ ግን ፓምፑን አብርታችሁ አትተኙ።