የተናቀችው ፎልደር

ጃር የጃቫ ፕሮግራም ስንቅ ቋጠሮ ናት። ኮምፓይለሩ ያወጣቸው የክላስ ፋይሎች አንድ ላይ ታጭቀው የሚጓዙባት ዚፕ ነች፤ ማንኛውም የዚፕ መክፈቻ ይከፍታታል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከጃቫ 1.1 ጋር ስትመጣ ትልቁ ውለታዋ ብራውዘር ውስጥ ለሚሮጠው የጃቫ ፕሮግራም፣ ለአፕሌት ነበር፤ ከዚያ በፊት ብራውዘሩ እያንዳንዷን ክላስ ለየብቻ ከሰርቨር ያስመጣ ነበር፣ ያውም በስልክ መስመር ኢንተርኔት። ይህን አብዛኛው የሙያው ሰው ያውቀዋል፣ ልለፈው።

እኔ የምወድላት በውስጧ ያለችውን ሜታ-ኢንፍ የምትባል ፎልደር ነው። ጃር ከፍተው የሚያዩ ሰዎች እንኳ ይቺን ፎልደር እንደ ኮተት ይቆጥሯታል። እኔም ቆጥሬያት ነበር፤ የእጄንም አግኝቻለሁ።

የአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ያለ የውሃ ታንከር ምን ያህል እንደጎደለ የሚያሳውቅ ፕሮግራም እየሠራሁ ነበር። መልእክቱን የሚልከው በኤምኪውቲቲ ነው፤ አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክና አርለን ኒፐር እ.ኤ.አ. በ1999 ለነዳጅ ቧንቧ ክትትል ባወጡት ፕሮቶኮል። ያኔ መረጃው የሚሄደው በሳተላይት፣ ሳተላይቱም ውድ ስለነበር፣ በጣም ቆጣቢ አድርገው ነው የሠሩት፤ «አለሁ» ለማለት ሁለት ባይት ይበቃዋል። በጃቫ ለመጠቀም ፓሆ የሚባል ላይብረሪ አለ። ጣሪያው ላይ ወጥቶ የጎደለ ላይብረሪ የሚያወርድ ሰው ስለሌለ፣ የራሴን ክላሶች፣ ፓሆንና ሌሎቹን ሁሉ ፈትቼ አንድ ጃር ውስጥ አጨቅኋቸው። ባለሙያው «ፋት ጃር» ይለዋል።

ሳስነሳው ፊርማው አይገጥምም ብሎ እምቢ አለ። አንደኛው ላይብረሪ የተፈረመ ኖሮ፣ የፊርማ ፋይሎቹ በሜታ-ኢንፍ ውስጥ አብረው መጥተዋል። ፊርማው የተፈረመው ለድሮው ጃር እንጂ እኔ ለቀላቀልኩት አይደለም፤ ጃቫ እውነቷን ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሜታ-ኢንፍን ከየላይብረሪው አውጥተህ ጣለዋ!» አለኝ። ጣልኩ። ተነሳልኝ።

ተነሳና ደግሞ «ቲሲፒ ለሚባለው የተጫነ የኔትወርክ ሞጁል የለም» ብሎ ቆመ። ሞጁሉ እኮ አለ! ክላሱ ጃሯ ውስጥ ተቀምጦ በዓይኔ እያየሁት ነው። ግማሽ ቀን የኔትወርኩን ገመድ ስነቅልና ስሰካ ዋልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓሆ የኔትወርክ ሞጁሎቹን በኮዱ ውስጥ በስም አይጠራቸውም። ሜታ-ኢንፍ ውስጥ «ሰርቪስስ» የምትባል ንዑስ ፎልደር አለች፤ እዚያ ያለውን ተራ የጽሑፍ ፋይል አንብቦ ነው የሚያገኛቸው። የፋይሉ ስም የኢንተርፌሱ ሙሉ ስም ነው፤ በውስጡ በየመስመሩ የክላስ ስም ተጽፏል፣ ሌላ ምንም የለበትም። እኔ የጣልኩት የስም ዝርዝሩን ነበር። ኮምፓይለሩ ይህን አያይም፤ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲሮጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ፊርማ ካስቸገራችሁ የፊርማ ፋይሎቹን ብቻ አውጡ፦ መጨረሻቸው ኤስኤፍ፣ ዲኤስኤ ወይም አርኤስኤ የሆኑትን። ሁለት ላይብረሪ ተመሳሳይ ስም ያለው የሰርቪስ ፋይል ይዞ ከመጣ ደግሞ አንዱ ሌላውን እንዲደፈጥጠው አትተዉ፤ መስመሮቹን አንድ ላይ አድርጉ። የሜቨን ሼድ ፕለጊን ይህን የሚሠራ ነገር አለው፤ ግን ካላዘዛችሁት አይሠራም።

ሜታ-ኢንፍ ውስጥ ያለው ማኒፌስት የሚባለው ፋይልም የራሱ አመል አለው። ቀድሞ የሚነሳውን ክላስ የሚናገረውን መስመር መጨረሻ ላይ ጽፋችሁ ኢንተር ሳትመቱ ከዘጋችሁት፣ መስመሩ በትክክል ላይነበብ ይችላል። አንድ መስመር ደግሞ ከ72 ባይት እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ የተረፈው በቀጣዩ መስመር ከአንድ ክፍት ቦታ በኋላ ይቀጥላል። ልብ በሉ፣ ባይት ነው እንጂ ፊደል አይደለም። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይፈጃል። እኔ ማኒፌስቱ ላይ ርእሱን «የውሃ ታንከር መጠን ጠቋሚ ፕሮግራም» ብዬ ነበር የሞላሁት። በኋላ ፋይሉን በኤዲተር ስከፍተው «ፕሮግራም» የሚለው ቃል መሃሉ ላይ ተሰብሮ፣ አንዱ ፊደል ግማሹ ላይ፣ ግማሹ ታች ቀርቷል፤ በቦታው የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። ጃቫ ግን መልሳ ስታነበው ባይቶቹን ገጣጥማ ስሙን ሳታዛንፍ ጠራችው።