አደይን ማን ውኃ ያጠጣዋል? ችግኝ ሳትገዙ አበባን በዘር ለማብቀል

አደይ አበባን ማን ውኃ ያጠጣዋል? ማንም። የሚኮተኩትለት የለም፣ ማዳበሪያ የሚያደርግለት የለም። መስከረም ሲጠባ ግን ሜዳው ቢጫ ለብሶ ይገኛል። እኛ ደግሞ ከመንገድ ዳር በደህና ብር የገዛነው አበባ ቤት ከገባ በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉን ያራግፋል። ከዚያ "የእኔ እጅ አበባ አያወጣም" እንላለን።

ነገሩ የእጅ ጉዳይ አይደለም። የምርጫና የጊዜ ጉዳይ ነው። ጊዜ ለሌለው፣ ልምድ ለሌለው፣ ብዙ ብር ማውጣት ለማይፈልግ ሰው የሚሆኑ አበቦች አሉ። ዘራቸው በቀጥታ መሬት ላይ ይዘራል፣ አብዛኛውን ሥራ ዝናቡ ይሠራላቸዋል።

መጀመሪያ፣ "ዓመታዊ" ምን ማለት ነው?

ጽጌረዳ አንዴ ከተተከለ ለዓመታት ይኖራል። አደይ ግን ይበቅላል፣ ያብባል፣ ዘሩን ይጥላል፣ ይሞታል። ይሄ ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቃል። እንዲህ ያለው ተክል ዓመታዊ ይባላል። ጤፍ፣ ገብስና ባቄላም ዓመታዊ ናቸው። ስለዚህ አበባን ከዘር ማብቀል ለእኛ አገር አዲስ ሙያ አይደለም፤ ገበሬው በየክረምቱ የሚሠራው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ ዓመታዊ አበባ የሚያብበው ለእኛ ብሎ አይደለም፣ ዘር ለመተካት ነው። ዕድሜው አጭር ስለሆነ ይቸኩላል። መቼ እንደሚዘራ፣ ለምን ብዙ ማዳበሪያ እንደማይፈልግ፣ ለምን ሲቆረጥ ደጋግሞ እንደሚያብብ፣ ሁሉም ከዚህ የሚመጣ ነው።

ለምን በቀጥታ መሬት ላይ?

አንደኛ፣ ሥሩ አይነካም። በትንሽ ፕላስቲክ ያደገ ችግኝ ሲዛወር ይደነግጣል፣ እስኪያገግም ጊዜ ይወስዳል። እንደ የሱፍ አበባና ናስተርሺየም ያሉት ደግሞ መዛወር ጭራሽ አይወዱም። እዚያው የበቀለ ሥር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ታች ይሄዳል፣ ዝናቡ ሁለት ሦስት ቀን ቢጠፋም ይችላል። ሁለተኛ፣ በአንድ ችግኝ ዋጋ ብዙ ዘር ይገኛል። ግማሹ ባይበቅል እንኳ ኪሳራ የለውም።

የትኞቹ ይሻላሉ?

ኮስሞስ፣ ዚኒያና ማሪጎልድ ሦስቱም የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው። ሜክሲኮ ስንል አደባባዩን ሳይሆን አገሩን ነው። ዋና ከተማዋ ሜክሲኮ ሲቲ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ዝናቧም እንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው የሚበዛው። እነዚህ አበቦች እኛ ጋ ያለ ብዙ ልፋት መልመዳቸው አይገርምም።

1. ኮስሞስ። ቅጠሉ እንደ ክር ቀጭን፣ አበባው ሮዝ፣ ነጭ ወይም ወይን ጠጅ ነው። ከ1 ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። ኮስሞስ ቀኑ ሲረዝም ማበብ ያዘገያል፤ አውሮፓ በጋ ላይ አንዳንዴ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ ይሄ ችግር የለም። ለጀማሪ አንደኛ ምርጫ ነው።

2. ማሪጎልድ። ብርቱካናማና ቢጫ ነው፣ ሽታው ኃይለኛ ነው። አጭሩ ዓይነት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው የሚያድገው። ለመንገድ ዳር መስመርም ለሸክላ ድስትም ይሆናል። ለወራት ያብባል።

3. የሱፍ አበባ። ዘሩ ትልቅ ስለሆነ ለመዝራት የሚቀለው እሱ ነው፤ ከልጆች ጋርም ይዘራል። ገበያ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ "ሱፍ" ስትሉ ነጭና ትንንሽ ፍሬ ያለው፣ ቅጠሉ እሾሃማ የሆነው ሌላው ሱፍ ሊሰጣችሁ ይችላል። እናንተ የምትፈልጉት ረዘም፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ጥቁር ወይም ባለመስመር ፍሬ ነው። የተቆላ ደግሞ በፍጹም አይበቅልም።

4. ናስተርሺየም። የትውልድ ቦታው ደቡብ አሜሪካ ነው። ቅጠሉ እንደ ትንሽ ጃንጥላ ክብ ነው። ደካማ አፈር ላይ ይሻለዋል፤ አፈሩ ሲወፍርለት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ቅጠሉም አበባውም ይበላል፣ ስታኝኩት ፌጦ ፌጦ ይላል። ሰላጣ ላይ ጣል ማድረግ ነው። የምትበሉትን ግን ፀረ ተባይ አትርጩበት።

5. ዚኒያ። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ተቆርጦ ማስቀመጫ ውስጥ ሲገባም ይቆያል። ሙቀትና ፀሐይ ይወዳል፣ ቅጠሉ ሲረጥብ መዋሉን ግን አይወድም። ደመናና ብርድ በበዛበት የአዲስ አበባ ሐምሌ ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል በሽታ ሊወጣበት ይችላል። ስለዚህ ደጋ ያላችሁ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝሩት። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ላላችሁ ግን አየሩ ይመቸዋል።

መቼ ይዘራ?

ደጋ ላይ ሁለት ጥሩ ጊዜ አለ።

የመጀመሪያው ሰኔ መግቢያ ነው። ከሰኔ 1 እስከ እንቁጣጣሽ 95 ቀን አለ፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት 96። እነዚህ አበቦች ለማበብ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይበቃቸዋል፣ ብርድ ሲበዛ ትንሽ ይዘገያሉ። ሰኔ መግቢያ ላይ የዘራ ሰው አዲሱን ዓመት ከአበባ ጋር ይቀበላል። ሌላም ጥቅም አለው፦ የሐምሌ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ችግኙ ሥር ይዞ ይጠብቀዋል። ሐምሌ መሃል ላይ የተዘራ ትንሽ ዘር ግን በጎርፍ ታጥቦ የጎረቤት ግቢ ሊበቅል ይችላል።

ሁለተኛው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። መሬቱ ርጥብ ነው፣ ፀሐይም ትመጣለች። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ስለሚያቆም ግን ከዚያ በኋላ ውኃ የማጠጣቱ ሥራ የእናንተ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ያለ ውርጭ የሚመታው ቦታ ካላችሁ ይሄን ጊዜ ተዉትና ሰኔን ያዙ። አብዛኞቹ ውርጭ አይችሉም።

አዘራሩ

ቦታ ምረጡ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይሁን። በተለይ ኮስሞስ፣ ዚኒያና የሱፍ አበባ ጥላ ሥር ቢበቅሉም ቀጥነው ይወድቃሉ።

አፈሩን አዘጋጁ። አረሙን ከነሥሩ ንቀሉ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ጓሉን ሰባብሩ። ጥቁር አፈር ከሆነ ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መደቡን ከዙሪያው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፣ በጎኑ ውኃ መሄጃ አውጡለት።

ማዳበሪያ አታብዙ። ምግብ የበዛለት ዓመታዊ አበባ አይቸኩልም፤ ቅጠል እያወጣ ይዝናናል። ቆሻሻ አፈር ላይ የበቀለው ኮስሞስ አምሮ፣ ፍግ የጠገበው ቅጠል ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው። አፈሩ በጣም የደከመ ከሆነ ትንሽ የበሰበሰ ኮምፖስት ይበቃል።

በመስመር ዝሩ። መበተን ይቀላል፣ ግን ሁሉም አንድ ላይ ሲበቅል የትኛው አበባ፣ የትኛው አረም እንደሆነ መለየት ይከብዳል። ጤፍን በመስመር መዝራት ለማረም እንደሚያቀለው ሁሉ እዚህም ያው ነው። በመስመሩ ላይ የወጣው የእናንተ ነው፣ በመሃል የወጣው አረም ነው። ደቃቅ ዘር ከሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉት፣ እኩል ይበተናል።

ጥልቀቱን ጠብቁ። ዘር ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በጥልቀት ሲቀበር ነው። ሕጉ፦ ከዘሩ ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ። ለኮስሞስ፣ ለማሪጎልድና ለዚኒያ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ለናስተርሺየምና ለየሱፍ አበባ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የናስተርሺየም ዘር ልጡ ጠንካራ ስለሆነ ለአንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት።

ጫን አድርጉና አጠጡ። ዘሩ ከአፈር ጋር እንዲገናኝ በመዳፍ ጫን ማድረግ ነው። በባልዲ ማፍሰስ ዘሩን ያጥበዋል። የሃይላንድ ላስቲክ ክዳኑን በመርፌ በሳስታችሁ እንደ ሻወር ተጠቀሙበት። እስኪበቅል ድረስ ላዩ አይድረቅ። ዶሮና ወፍ ካለ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ላዩ ላይ ጣል አድርጉበት።

ከበቀለ በኋላ የሚያሳዝነው ሥራ

ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጡ ማሳሳት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳል፤ "የበቀለን እንዴት እነቅላለሁ?" ይላል። ተጨናንቀው ሲቀሩ ግን ሁሉም ለብርሃን ሲሻሙ ይቀጥናሉ፣ አንድ ቀን ነፋስ ሲመጣ አብረው ይተኛሉ። ለማሪጎልድ 20፣ ለኮስሞስና ለዚኒያ 30፣ ለትልቁ የሱፍ አበባ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ተዉ። ለማሳሳት አትጎትቱ፣ የጎረቤቱን ሥር ይነቅላል። በመቀስ ከሥር ቁረጡ።

ክረምት ላይ ዋናው ጠላት ቀንድ አውጣ ነው። አንድ ሌሊት ለጋውን ችግኝ ሙልጭ ያደርገዋል። ማታ በስልክ መብራት እየፈለጋችሁ በእጅ ልቀሙት።

ከዚያ በኋላ ሥራው አረም መንቀል ብቻ ነው። ማበብ ሲጀምር ደግሞ የጠወለገውን አበባ ቁረጡ። ተክሉ ዘር አልተካሁም ብሎ እንደገና ያብባል። በቆረጣችሁ ቁጥር ያብባል፣ ከተዋችሁት ግን ዘሩን ቋጥሮ ሥራዬን ጨረስኩ ይላል።

ግቢ የሌለን ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችስ?

አጫጭሩ ማሪጎልድና ናስተርሺየም በረንዳ ላይ ይበቅላሉ። የተቆረጠ ጀሪካን፣ የቀለም ባልዲ፣ ያገኛችሁት ይሆናል። ዋናው ነገር ከታች መበሳቱ ነው፤ ውኃ መውጫ ከሌለው ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ዕቃ ውስጥ ያለ አፈር ቶሎ ስለሚደርቅ ጣታችሁን ከትታችሁ ፈትሹ፣ ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ባልዲውን ግን በረንዳው ጠርዝ ላይ አትስቀሉት፣ ከታች ሰው ያልፋል።

ዘር ያዙ፣ አደይንም አስቡ

ወቅቱ ወደ ማለቁ ሲል መቁረጥ አቁሙና ያማሩትን ለዘር ተዉ። አበባው ደርቆ ቡናማ ሲሆን፣ ፀሐይ ባለበት ቀን ሰብስቡ። ጥላ ላይ አድርቃችሁ ወረቀት ውስጥ አስቀምጡ፤ ፌስታል ያሻግተዋል። ስሙንና ወሩን ጻፉበት። በማሸጊያው ላይ "ድቅል" የሚል ካለ፣ ከሱ የምትይዙት ዘር ልክ እናቱን እንደማይመስል እወቁ።

አሁን ወደ አደይ። ሳይንሳዊ ስሙ ባይደንስ ማክሮፕቴራ ነው፤ ሱሪ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎት የሥጋ ዘመዱ ነው። ማንም ሳይንከባከበው በየዓመቱ የሚመጣው ባለፈው ዓመት የረገፈ ዘር መሬት ውስጥ ስላለ ብቻ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። ከሥሩ የሚነሳ ግንድ፣ የሚቆይ ቅርንጫፍ የለውም፤ ዘሩ ከሌለ እሱም የለም።

ከተማው ሲሰፋ ሜዳው አስፋልትና ሕንፃ ይሆናል። የቀረችው ቦታ ላይ ያለውም ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል በእቅፍ በእቅፍ ይታጨዳል። አብቦ ሳለ የተነቀለ አደይ ዘር አልጣለም። አንድ ቦታ ላይ ያለው ሁሉ በየዓመቱ ከተነቀለ፣ አንድ መስከረም ላይ ያ ሜዳ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ማንም ሆን ብሎ አላጠፋውም፣ ግን ጠፋ።

ስለዚህ ስትቀጥፉ ከሥሩ አትንቀሉ፣ አበባውን ብቻ ቁረጡ። ብዙ ካለበት ውሰዱ፣ ጥቂት ካለበት ተዉ። ከመስቀል በኋላ ደርቆ ስታገኙት ጥቂት ዘር ሰብስባችሁ ሰኔ ላይ ግቢያችሁ ጥግ ላይ ላይ ላዩን ዝሩት። የዱር ዘር ስለሆነ እኩል አይበቅልም፣ ተስፋ አትቁረጡ። የበቀለውም ዘሩን እስኪጥል አትንኩት፤ በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ይዘራል።

ከየት ልጀምር ካላችሁ፦ አንድ እሽግ ኮስሞስ፣ የአንድ በር ስፋት ያህል መሬት፣ የሰኔ የመጀመሪያው ሳምንት። የተረፈውን ዘር ለጎረቤት አካፍሉ። የእናንተ ባይበቅል እንኳ ከእሱ ትወስዳላችሁ።