ስለ ቡችላ አመራረጥና ስለ ውሻ አሠልጣኝ

(በሬዲዮ የተነገረ)



በከተማችን ከአጥር ውስጥ ውሻ የማይጮኽበት መንገድ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ውሻ ስንት ቃል ያውቃል ብለን ብንጠይቅ፣ ለብዙው መልሱ አንድ ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን፤ እርሱም «ጃስ» ነው። «ተው» ሲሉት የሚተው፣ «ና» ሲሉት የሚመጣ፣ እንግዳ ሲገባ በቦታው ረግቶ የሚቀመጥ ውሻ ግን በጣም ጥቂት ነው። በዛሬው ንግግሬ ውሻ ለመያዝ የሚያስብ ሰው ቡችላውን እንዴት አድርጎ ቢመርጥ እንደሚበጀው፣ አሠልጣኝ ሲያሻውም ምን ዓይነቱን ሰው መፈለግ እንደሚገባው ለማስረዳት አስቤአለሁ።

ይህ ለንግግር የሚበቃ ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር ሁለት ነገር ላስታውሰው እወዳለሁ። አንደኛው ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንደሚደነግገው፣ የአንድ እንስሳ ባለቤት እንስሳው ድንገት ከእጁ ቢያመልጥ እንኳ፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆን እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው። «በሩን ክፍት የተወው ዘበኛው ነው» ማለት ከዕዳ አያድንም። ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ይህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ ሰውን ከሚይዘውም ከመቶ 99 እጅ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ካተረፈ ጀምሮ መከላከያው ይታወቃል። በጉለሌ የሚገኘውን የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራውም በዚሁ ሊቅ ስም ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ በዚያኑም ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ፀበል መጠመቅን የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን ዛሬ ነገ ሲባል ቀኑ አልፎ የበሽታው ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና አይገኝም።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንምጣ። ውሻው ለምን እንደሚፈለግ ሳይታወቅ ቡችላ መምረጥ አይቻልም። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ የከተማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውሻ የሚይዘው ሌሊት ግቢውን እንዲጠብቅለት ነው። ለዚህ ደግሞ ነካሽ አያስፈልግም፤ የጠባቂ ውሻ ዋና ሥራው ማስታወቅ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው ሠፈር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጅብ በጨለማ ቁልቁል ሲወርድ በመጀመሪያ የሽሮ ሜዳ ውሾች፣ ቀጥሎም የታችኛው ሠፈር ውሾች ድምፅ እየተቀባበሉ ወሬውን ያደርሳሉ እንጂ አንዱም ሄዶ ከጅቡ ጋር አይታገልም። ሌባም ቢሆን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠላው መታወቁን ነው። እንዲናከስ ሆኖ ያደገ ውሻ ግን ሌባውን ከቆጣሪ አንባቢው፣ ወይም ኳሱን ለመፈለግ ከገባው የጎረቤት ልጅ ለይቶ አያውቅም።

ቡችላ በእቅፍ ወይም በካርቶን ይዘው በመንገድ ዳር የሚሸጡ ልጆች አሉ። የቡችላው ዓይን ያሳዝናል፤ ብዙ ሰውም ከቢሮ ሲመለስ ሳያስበው ገዝቶ ይገባል። እኔ ይህን አልመክርም። በመንገድ ዳር የሚሸጠው ቡችላ ብዙውን ጊዜ ጊዜው ሳይደርስ ከእናቱ የተነጠለ ነው፤ እናቱ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳላትም ሻጩ ሊያሳይ አይችልም። የሚሻለው ቡችሎቹ ከእናታቸው ጋር ወዳሉበት ቤት ሄዶ ማየት ነው። እናቲቱ ጌታዋ አጠገቧ ቆሞ ሳለ እንግዳን አይታ የምትረጋጋ ከሆነች ይህ ትልቅ ምስክር ነው። ፈርታ ከጥግ የምትደበቅ ወይም ሰው በቀረበ ቁጥር ጥርሷን የምታሳይ ከሆነች ግን ቡችሎቹ ምንም ያህል ቢያምሩ ሌላ ቤት መፈለግ ይበጃል። ከእናቱ የሚለይበት ዕድሜ 8 ሳምንት ገደማ ነው። ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ንክሻው ከመጠን ሲያልፍ እንደሚያስጮኽና ጨዋታውን እንደሚያቋርጥ የሚማረው በእነዚያ ሳምንታት ነውና፣ በአንድ ወሩ የተወሰደ ቡችላ ይህን ትምህርት ሳያገኝ ይቀራል።

ጤንነቱን ለማወቅ ዓይኑ የጠራ፣ ድዱ ቀላ ያለ፣ ጠጉሩ ያልረገፈ መሆኑን መመልከት ነው፤ ሰውነቱ ከስቶ ሆዱ ብቻ የተነፋ ቡችላ ብዙውን ጊዜ የሆድ ትል አለበት። ስለ ጠባዩ ደግሞ ከበስተጀርባቸው ጥቂት ቁልፎችን መሬት ላይ ጣል ቢያደርጉ፣ አንዱ ሸሽቶ አይመለስም፤ ሌላው ደንግጦ ጥቂት ከቆየ በኋላ «ምን ይሆን?» ብሎ ሊያሸት ይመጣል። የሚወሰደው ይህ ሁለተኛው ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው የአንድ ቀን ፈተና የወደፊቱን ጠባይ በእርግጥ አይነግርም፤ ከፈተናው ይልቅ የሚበልጠው ከዚያ በኋላ ያለው አስተዳደግ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤልዮት የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ያደረጉት ሙከራ ነገሩን ግልጽ አድርጎታል። ቡችሎችን ከእናቶቻቸው ጋር በታጠረ ሜዳ ሰው ሳይቀርባቸው አሳደጓቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹን በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7ና በ9 ሳምንታቸው እያወጡ ከሰው ጋር አለማመዷቸው። እስከ 14 ሳምንት ሰው ሳያውቁ የቆዩት ግን ከዚያ ወዲያ ብዙ ቢደከምባቸውም እንደ ዱር አራዊት ሆነው ቀሩ። ይህም ማለት የቡችላ ልብ ለአዲስ ነገር የሚከፈትበት በር ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይከፈታል፤ ወደ ሦስተኛው ወር መጨረሻም ቀስ በቀስ ይዘጋል።

ይህን ለስድስት ኪሎ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በ1940 ዓ.ም. አንበሳ ግቢ ከተቋቋመ በኋላ በአካባቢው የተወለደ ሕፃን የአንበሳ ግሣት እየሰማ አደገ፤ እንቅልፉንም አላቋረጠም። ከሌላ ሠፈር መጥቶ ያደረ እንግዳ ግን ሌሊት ከአልጋው ዘሎ ይነሣ ነበር። የሕፃኑ ልብ ከእንግዳው ልብ የጸና ሆኖ አይደለም፤ ድምፁን የለመደው በጊዜው ስለ ሆነ ነው። ቡችላም እንዲሁ ነው። የከተማችን ውሾች ከዘራ በያዘ ሽማግሌ፣ ሸክም በተሸከመ ሰው፣ ጥላ በዘረጋ ቄስ ላይ አብዝተው የሚጮኹት እነዚህን ሰዎች ጠልተው አይደለም፤ በቡችላነታቸው ከአጥር ውስጥ ታስረው ስላደጉ እንዲህ ያለ ሰው አይተው አያውቁም።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ የእንስሳት ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት ነው። ፓርቮ የሚባለው፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ አስከትሎ ቡችላን በጥቂት ቀን የሚገድለው በሽታ በአፈር ላይ ለብዙ ወራት ይቆያል። መከላከያው ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት ድረስ እየተደገመ ይሰጣል፤ የእብድ ውሻ ክትባት ደግሞ በሦስት ወር ይሰጥና ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይታደሳል። ታዲያ ክትባቱ ሳያልቅ ወደ ውጭ ቢወጣ በሽታ፣ እስኪያልቅ በቤት ቢዘጋበት ፍርሃት ይይዘዋል ማለት ነው። መፍትሔው ሳይረግጥ እንዲያይ ማድረግ ነው። ቡችላውን በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፎ ማለዳ ወደ ስድስት ኪሎ አደባባይ ብቅ ቢሉ፣ ታክሲ የሚጠሩትን ወያላዎች፣ የሆስፒታሉን አምቡላንስ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚጎርፉትን ተማሪዎች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያያል፤ ይሰማል። ለጥምቀት ሰሞን የደረሰ ቡችላም የጃንሜዳን ከበሮ ከሩቅ ቢሰማ መልካም ነው። ታቅፎ ሲሄድ የሚስቅ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ይሳቅ።

ስለ ዘሩ ብዙ አልናገርም። የጀርመን እረኛ ውሻ የተባለው ዘር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1899 ማኅበር ተቋቁሞለት ሲደራጅ ታስቦ የነበረው ቀኑን ሙሉ ከበግ ጋር እንዲሮጥ ነው፤ በጠባብ ግቢ ታስሮ ከዋለ ጠባዩ ይበላሻል። በዚህ ዘር የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም የታወቀ ስለ ሆነ የወላጆቹን አካሄድ ሳያዩ ብዙ ገንዘብ መክፈል አይገባም። እንደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ ያለ ቺዋዋ ደግሞ በእቅፍ የሚኖር እንጂ በዘብ የሚቆም አይደለም። በእኔ አስተያየት ለተራ ቤተሰብ የአበሻው ውሻ ይበቃል። ሴት ቡችላ ብትሆን ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ሴቶቹ «ትወልዳለች» እየተባለ ገና ዓይናቸው ሳይገለጥ በየጥጉ ይጣላሉ፤ ከእነርሱም በሕይወት የተረፉት በየመንገዱ ባለቤት የሌለው ውሻ ያበዛሉ። በሐኪም የመከነች ሴት ውሻ ከወንዱ ባላነሰ ትጠብቃለች።

አሁን ስለ አሠልጣኙ። በከተማችን ይህን ሥራ ከያዙት አንዳንዶቹ በፖሊስ ወይም በጦር ሠራዊት ውስጥ ውሻ የያዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በራሳቸው ጥረት የተማሩ ወጣቶች ናቸው። የፖሊስ ውሻ የያዘ ሰው ሙያው የሚከበር ነው፤ ነገር ግን የፖሊስ ውሻ አንድ ያዥ ያለው፣ ቀኑን በሥራ የሚያሳልፍ ውሻ ነው። የቤት ውሻ ግን ልጆች፣ የቤት ሠራተኛ፣ አከራይና ተከራይ፣ በሰንበት ዕለትም የጽዋ ማኅበርተኞች ይመጡበታል። ስለዚህ «የት ሠራህ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ውሻው ሲያጠፋ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ይጠቅማል።

የዚህን ጥያቄ መልስ ለመመዘን ውሻ እንዴት እንደሚማር ማወቅ ያስፈልጋል። የሩሲያው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር በ1897 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ያገኘው፣ ውሾች ገና ምግቡን ሳያዩ የመጋቢያቸውን ኮቴ ሲሰሙ ለሃጫቸው እንደሚወርድ አስተዋለ። ውሻ አንዱን ነገር ወዲያው ከሚከተለው ነገር ጋር ያያይዛል፤ ከሰዓታት በኋላ ከሚመጣው ጋር ግን አያያይዝም። «ና» ተብሎ ዘግይቶ የመጣ ውሻ ቢመታ የሚማረው መምጣት እንደሚያስመታ ነው፤ በማግስቱ ጭራሽ አይመጣም። ሰውየው ማታ ከቢሮ ሲመለስ ጫማው ተበልቶ ቢያገኝና ቢቆጣ፣ ውሻው አንገቱን ይደፋል፤ ሰውየውም «ጥፋቱን ያውቃል» ይላል። ሆኖም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ባሳተመችው ጥናት፣ ውሾቹ አንገታቸውን የሚደፉት ባለቤታቸው ሲቆጣቸው እንጂ በእርግጥ ስላጠፉ እንዳልሆነ አሳይታለች። ምንም ያላጠፋውም ውሻ ሲቆጡት ያንኑ ፊት አሳየ። ስለዚህ ጥሩ አሠልጣኝ በኪሱ ጥቂት ሥጋ ይይዛል፤ ውሻው የተፈለገውን ባደረገበት ቅጽበት ያጎርሰዋል። ዱላ የያዘው አሠልጣኝ ቶሎ ውጤት ያሳይ ይሆናል፤ ፈርቶ ዝም ያለ ውሻ ግን ሳያጉረመርም የሚናከስበት ቀን ይመጣል።

«በ10 ቀን ጨርሼ አስረክባለሁ» የሚለውን፣ ውሻውን አስርቡት ወይም በጨለማ ዝጉበት የሚለውን፣ ጆሮው ካልተቆረጠ ወይም ሚጥሚጣ ካልበላ አይጀግንም የሚለውንም በደህና ሂድ ብሎ ማሰናበት ነው። ትምህርቱን በ«ጃስ» የሚጀምረውንም እንዲሁ፤ «ጃስ»ን ማስተማር ከሁሉ ይቀላል፤ ከዚያ በኋላ «ተው»ን ማስተማር ግን ከሁሉ ይከብዳል። ውሻውን ለአንድ ወር ወስጄ አሠልጥኜ እመልሳለሁ የሚለው ሰው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ውሻው የሚታዘዘው ለእርሱ ነው። የሚመረጠው ወደ ቤት መጥቶ፣ ውሻውን ከመንካቱ በፊት ስለ ክትባቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ማን እንደሚያበላው፣ የት እንደሚያድር የሚጠይቅ ነው። ከመዋዋልም በፊት ከሌላ ውሻ ጋር ሲሠራ ለማየት መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ውሻው ጭራውን እየቆላ ወደ አሠልጣኙ የሚሮጥ ከሆነ ይህ ከምስክር ወረቀት ይበልጣል።

በመጨረሻ የምናገረው ብዙ ሰው ስለሚዘነጋው ስለ ዘበኛው ነው። ጌታው ቢሮ ይውላል፤ ውሻውን የሚያበላው፣ የሚፈታውና የሚያስረው፣ ሌሊቱንም አብሮት የሚያድረው ዘበኛው ነው። አሠልጣኙ ለጌታው ብቻ አስተምሮ ከሄደ፣ ጌታው «ተው» ሲል ዘበኛው «ያዘው» ይላል፤ ልጆቹም በሌላ ቃል ይጠሩታል፤ ውሻውም የማንን እንደሚሰማ ይቸግረዋል። ስለዚህ በትምህርቱ ቀን ዘበኛውና የቤት ሠራተኛይቱ አብረው ይገኙ፤ ቃሎቹም አራት ወይም አምስት ብቻ ሆነው፣ «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተው»፣ «ቦታህ» ተብለው በወረቀት ተጽፈው በዘበኛው ጎጆ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። ዘበኛው ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ አሠልጣኙ በቃሉ ያስጠናው። ዘበኛ የሚለወጥበት ጊዜም ስለሚመጣ፣ አሠልጣኙ ለአዲሱ ዘበኛ አንድ ቀን ተመልሶ እንዲያሳይ ዋጋውን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።